አጥንት ማንበብ፦ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ሥራ ከጉድጓዱ እስከ ፍርድ ቤት

ሥጋው ያለቀ፣ የተቃጠለ ወይም የተበታተነ አስከሬን ሲገኝ የአስከሬን ምርመራ ሐኪሙ ብቻውን ብዙ ሊል አይችልም። የቀረው አጥንት ነው፤ አጥንቱን የሚጠይቀው ደግሞ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያ ነው። ጥያቄዎቹ የትም ቦታ ያው ናቸው። የሰው ነው ወይ? የስንት ሰው? ወንድ ነው ሴት? ዕድሜው፣ ቁመቱስ? ምን ደረሰበት? መቼ ሞተ? ማን ነው?

ይህ ጽሑፍ ወደ ሙያው መግባት ለሚያስቡ ነው። ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ ያሳያል። ከመነሻው መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ አጥንት ከሚለው በላይ አትናገሩ። የጠፋ ልጇን ለምትጠብቅ እናት «ገና አላወቅንም» የሚለው ቃል ያማል፤ የሌላ ሰው አፅም ቀብራ ከዓመታት በኋላ ስህተቱን መስማት ግን ከዚያ የባሰ ነው።

ትምህርቱ

የመጀመሪያ ዲግሪው አንትሮፖሎጂ፣ ባዮሎጂ ወይም አናቶሚ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ያስገባል። ልዩ ሥልጠናው የሚጀምረው በማስተርስ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በራሱ ስም ሪፖርት ፈርሞ ፍርድ ቤት ለመቆም ግን በብዙ ቦታ ዶክትሬት ይጠየቃል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1977 የተቋቋመው የአሜሪካ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቦርድ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሆነውን የዲፕሎሜት ማዕረጉን የሚሰጠው ዶክትሬት ይዞ ፈተናውን ላለፈ ነው።

ከወረቀቱ የሚከብደው እጅንና ዓይንን ማሠልጠኑ ነው። የአዋቂ አፅም 206 አጥንቶች አሉት፤ ከእነዚህ 106ቱ ያሉት በሁለቱ እጆችና በሁለቱ እግሮች ጫፍ፣ ከእጅ አንጓና ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ነው። ጀማሪ ዓይኑ ራስ ቅል ላይ ያርፋል፤ መስክ ላይ የሚያስቸግሩት ግን እነዚህ ትናንሾቹ ናቸው። ጥሩው ልምምድ ቀላል ነው፦ አጥንቶቹን ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ክተቱ፣ ሳታዩ በመዳሰስ ብቻ የትኛው አጥንት እንደሆነና የቀኝ ይሁን የግራ ተናገሩ። ሙሉ አጥንት ሲለመድ ወደ ስብርባሪ እለፉ፤ እውነተኛ ጉዳይ ላይ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነውና። ቀጥሎ የሕፃናት አፅም ይመጣል። ሲወለዱ ብዙዎቹ አጥንቶች በክፍልፋይ ያሉ፣ ገና ያልተጋጠሙ ስለሆኑ ቁጥራቸው ወደ 300 ይጠጋል፤ ያልለመደ ሰው ጠጠር መስሎት ይጥላቸዋል። መጨረሻ ላይ የእንስሳት አጥንት ይጠናል። ቆዳውና ጥፍሩ የተገፈፈ የድብ መዳፍ ከሰው እጅ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል የታወቀ ማሳሳቻ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን አንድ ሙሉ የቁፋሮ ወቅት ከአርኪኦሎጂ ቡድን ጋር መሥራት የግድ ነው። ስታቲስቲክስም እንዲሁ። እሱን የዘለለ ተማሪ ዋጋውን የሚከፍለው በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ ነው።

መስኩ ላይ

አጥንት ታየ ሲባል የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የተሳሳተ ልኬት እንደገና ይለካል፤ ከመሬት የተነቀለ አጥንት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

ፍለጋው በረድፍ ነው። ሰዎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ተራርቀው ይሰለፋሉ፣ እኩል ይራመዳሉ፤ የተገኘው ሁሉ በባንዲራ ምልክት ይደረግበታል እንጂ አይነሣም። የተቀበረ ነገር ካለ አፈሩ ራሱ ይናገራል፦ የተቆፈረ መሬት ከጊዜ በኋላ ይሰረጉዳል፣ ከታች የነበረው አፈር ከላይኛው ጋር ስለሚደባለቅ ቀለሙ ይለያል፣ በላዩ የበቀለው ሣርም ከዙሪያው ይበረታል ወይም ይሳሳል። አፅሙ መሬት ላይ የተበተነ ከሆነ ቁልቁለቱን ተከተሉ። አውሬ እጅና እግርን ቀድሞ ይወስዳል፣ ራስ ቅል ደግሞ ይንከባለላል። አንድ ሥር ብቻ ያላቸው የፊት ጥርሶች የሚይዛቸው ሲበሰብስ በቀላሉ ይወልቃሉ፤ ስለዚህ ጥርሶቹን መፈለግ ራስ ቅሉ መጀመሪያ ባረፈበት ቦታ ነው እንጂ አሁን በተገኘበት ብቻ አይደለም።

ቀጥሎ ቋሚ መነሻ ነጥብ ይመረጣል፤ ማንም የማያነቃንቀው ነገር ይሁን። ከእሱ ተነሥቶ በችካልና በሲባጎ ቦታው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይከፋፈላል። ፎቶ ከሩቅ፣ ከመካከለኛ ርቀትና ከቅርብ ይነሣል፤ በእያንዳንዱ ቅርብ ፎቶ ውስጥ የመለኪያ ዘንግና የሰሜን ቀስት ይኖራል።

ቁፋሮው ሲጀመር ዶማ ወደ ቦታው አይጠጋም። አካፋ የላዩን አፈር ለመግፈፍ ብቻ ነው። የጉድጓዱ ጠርዝ በቀለም ሲለይ ሥራው ወደ ትንሿ የግንበኛ ማንኪያ ይዞራል፤ በየ5 ወይም በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እየተመዘገበ ይወረዳል። የጉድጓዱን ግድግዳ አታፍርሱ፤ የቆፋሪው መሣሪያ ጥርስ ምልክት አንዳንዴም የጫማው ዱካ እዚያ ላይ ይቀራል። አጥንቱ ዘንድ ሲደረስ ብረቱ ይቀመጥና እንጨት፣ ቀርከሃና ለስላሳ ብሩሽ ይተካሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ማንኪያው የሚተወው ጭረት በኋላ የቢላ ምልክት ይመስላል። የሚወጣው አፈር በሙሉ በወንፊት ያልፋል። የተለመደው ቀዳዳ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለአካሉ ቅርብ ለሆነው አፈርና ሕፃን ለሚጠረጠርበት ግን 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ያስፈልጋል።

እጅግ የተለመደው ጥፋት አጥንት በታየ ቁጥር አንድ በአንድ ማንሣት ነው። መጀመሪያ አፅሙ እንደተኛ ሙሉ በሙሉ ይገለጥ። የእጆቹ አቀማመጥ፣ አንጓው ላይ የቀረ ገመድ፣ የልብስ አዝራር ከየትኛው ጎን አጥንት ጋር እንደሚገጥም፣ ጥይት በየትኛው አከርካሪ ሥር እንደተኛ፤ ይህ ሁሉ የሚነበበው ሳይነካ ነው። ጥልቀቱ በሲባጎና በውሃ ልክ ይለካ፣ ሥዕሉ ይነሣ፣ ዝርዝሩ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ብቻ ይነሣል።

ሲነሣ የግራ እጅ ለብቻ፣ የቀኝ እጅ ለብቻ፤ እግሮቹም እንዲሁ። የጎን አጥንቶች በየጎናቸው ይታሰራሉ። ራስ ቅል በሁለት እጅ ከሥሩ ተደግፎ ይነሣል፤ ጣት የዓይን ጎድጓዳ ውስጥ አይገባም፣ እዚያ ያለው አጥንት እንደ ወረቀት ስስ ነው። በአንገቱ አካባቢ ያለው አፈር በተለይ ይጠራቀም፤ ከምላስ ሥር ያለችው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላት ሃዮይድ የምትጠፋው እዚያ ነው። አካሉ ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም፦ ከሥሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ በብረት መመርመሪያ ይታያል። ተኝቶ ሳለ የተተኮሰበት ሰው ውስጥ ያለፈ ጥይት የሚገኘው በዚያ አፈር ውስጥ ነው።

ማሸጊያው የወረቀት ከረጢትና ካርቶን ነው። ፌስታል እርጥበቱን ያፍነውና አጥንቱ ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይጎዳል። መለያ ቁጥሩ ከውጭም ከውስጥም ይጻፍ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማን ለማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳስረከበ የሚያሳየው የቅብብሎሽ መዝገብ ክፍተት ሊኖረው አይገባም። አንድ ያልተፈረመበት ሌሊት ጥሩ ማስረጃን ከፍርድ ቤት ያስወጣል።

ጠረጴዛው ላይ

ከማጠብ በፊት ራጅ። አፈር ውስጥ የተደበቀ የእርሳስ ፍንጣሪ በብሩሽ ከተጠረገ በኋላ አይገኝም። የዲኤንኤ ናሙናም ሌላ እጅ ሳይነካው ቢመረጥ ይመረጣል፤ ጥሩ የሚሰጡት ጥርስ፣ የጭን አጥንት ወፍራሙ መካከልና ውስጠኛውን ጆሮ የሚይዘው የራስ ቅሉ ጠጣር ክፍል ናቸው። ጓንትና ጭንብል የሚደረገው ለራስ ጤና ብቻ ሳይሆን የራስ ዲኤንኤ ናሙናው ላይ እንዳይቀር ነው። እጥበቱ በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ከሥሩ ወንፊት ተደርጎ። በረኪና ፈጽሞ አይነካውም፤ አጥንቱን ያፈረፍረዋል፣ ዲኤንኤውን ያጠፋል። ማድረቁ በጥላ ነው፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ አጥንት ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም በኋላ ከጉዳት ጋር ይምታታል።

ከዚያ አፅሙ በተፈጥሮ ቦታው ይዘረጋል፣ እያንዳንዱ አጥንት ይመዘገባል። ከአንድ ሰው በላይ ሊሆን ከቻለ ቆጠራው የሚጀምረው በተደጋገመው አጥንት ነው። ሦስት የግራ የጭን አጥንትና ሁለት የቀኝ ካለ፣ ቢያንስ ሦስት ሰው አለ። ከሁለቱ ቀኞች አንዱ በመጠንም በዕድሜም ከየትኛውም ግራ ጋር ካልገጠመ ቢያንስ አራት። «ቢያንስ» የምትለው ቃል ከሪፖርቱ መውጣት የለባትም።

ጾታ ከዳሌ ይነበባል። ከፊት ሁለቱ አጥንቶች ሲገናኙ ከሥራቸው የሚፈጥሩት ማዕዘን በሴት ሰፊ፣ በወንድ ጠባብ ነው፤ ከኋላ ያለው ትልቁ ገባ ያለ ጠርዝም በሴት ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ፌኒስ ያቀረበው፣ የፊተኛውን አጥንት ሦስት ምልክቶች የሚያየው ዘዴ እስከ ዛሬ መነሻ ነው። ራስ ቅል ሁለተኛ ምስክር ነው፦ የቅንድብ ጉብታ፣ ከጆሮ ጀርባ ያለው ጉብታ፣ የማጅራቱ ጠርዝና አገጩ ይታያሉ። ዳሌው ከጠፋ የጭን አጥንት ራስ ስፋት ይለካል። በአሜሪካ አፅሞች ላይ የተሠራው የስቱዋርት መለኪያ ከ42.5 ሚሊ ሜትር በታች ሴት፣ ከ47.5 በላይ ወንድ ይላል። ይህን ቁጥር ቀጭን አጥንት ባለው ሕዝብ ላይ በጭፍን ያዋለ ባለሙያ ወንዶቹን ሴት ይላቸዋል። ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጾታውን ከቅርጽ ለመናገር አትሞክሩ፤ ለዲኤንኤ ተዉት።

ዕድሜ በልጆች ይጠባል፣ በአዋቂ ይሰፋል። የልጅ ጥርስ አበቃቀል ወደ እውነተኛው ዕድሜ በጣም ያስጠጋል። በወጣት የአጥንት ጫፎች መጋጠም ይታያል፤ መጨረሻ የሚጋጠመው ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው ክላቪክል በደረቱ በኩል ያለው ጫፉ ነው፣ እስከ 30 ዓመት አካባቢም ሊዘገይ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚነበበው እርጅና ነው፣ እርጅና ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። የዳሌው ሁለት አጥንቶች ከፊት የሚገናኙበት ገጽ በወጣት እንደታረሰ ማሳ ትልም ትልም ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ትልሙ ይሞላል፣ ጠርዝ ያወጣል፣ በመጨረሻም ይቦረቦራል። የሱቼይ-ብሩክስ ዘዴ ይህን በስድስት ደረጃ ይከፍላል። በወንዶች አራተኛው ደረጃ አማካዩ 35.2 ዓመት ነው፤ ክልሉ ግን ከ23 እስከ 57። ሪፖርት ላይ «35 ዓመት» ብሎ የጻፈ ሰው ፖሊስ የ50 ዓመቱን ጠፊ ከዝርዝሩ እንዲሰርዝ አደረገ ማለት ነው።

ቁመትን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የጭን አጥንቱ በመለኪያ ሰሌዳ ላይ 45.0 ሳንቲ ሜትር ወጣ እንበል። ትሮተርና ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ1952 ለአሜሪካ ነጭ ወንዶች ባወጡት ቀመር በ2.38 ይባዛና 61.41 ይደመርበታል፦ 168.5 ሳንቲ ሜትር። ለአሜሪካ ጥቁር ወንዶች ባወጡት ደግሞ በ2.11 ተባዝቶ 70.35 ሲደመር 165.3 ይመጣል። አጥንቱ አንድ ነው፣ መልሱ ግን ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ተለያየ። የመጀመሪያው ቀመር መደበኛ ስህተት (ግምቱ ከእውነተኛው ቁመት የሚርቅበት የተለመደ መጠን) 3.27 ነው፤ ለፍርድ ቤት የሚበቃ ክልል ለመስጠት ሁለት እጥፉን ወስዳችሁ ከ162 እስከ 175 ትላላችሁ። ክልሉ ሰፋ ብሎ የሚያፍር ተማሪ አለ፤ ማፈር የሚገባው ጠባብ ክልል ሰጥቶ ሲሳሳት ነው። የቅልጥም አጥንት ቀመሮቻቸውን ስትጠቀሙ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ። ትሮተር ቅልጥሙን ስትለካ በቁርጭምጭሚቱ የውስጥ በኩል የሚወርደውን ጫፍ እንዳልጨመረች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተደርሶበታል፤ ጫፉን ጨምሮ ለክቶ ቀመሩ ውስጥ ያስገባ ሰው ሟቹን ያለ አግባብ ያረዝመዋል።

ጉዳቱ

እርጥብ እንጨት ሲሰበር ይጎብጣል፣ በሰያፍ ይሰነጠቃል፤ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። አጥንትም እንዲሁ ነው። በሞት ሰዓት አካባቢ የተሰበረ አጥንት ጠርዙ ለስላሳና ሹል፣ አቅጣጫው ሰያፍ፣ የስብራቱ ቀለም ከቀረው ጋር አንድ ነው። ከደረቀ በኋላ የተሰበረው ሻካራ ነው፣ ወደ ቀጥታ ማዕዘን ያደላል፣ ውስጡም ነጣ ይላል። በሕይወት ሳለ የተሰበረው ደግሞ ጠርዙ የተድበለበለ ወይም አዲስ አጥንት የጀመረው ነው፤ ይህ ለዓይን እስኪታይ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አንድ ወጥመድ አለ፦ አጥንት ሰው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት እርጥበቱን ይይዛል። ስለዚህ «በሞት ሰዓት አካባቢ» ማለት «የሞተበት ምክንያት» ማለት አይደለም።

ራስ ቅል ላይ የጥይት ቀዳዳ ሲታይ ሁለቱንም ፊት ተመልከቱ። ጥይት ሲገባ በውጭ ጠባብና ጥርት ያለ ቀዳዳ ይተዋል፣ በውስጥ በኩል ደግሞ እንደ ጡሩምባ አፍ ሰፍቶ ይገነጥላል። ሲወጣ ተገላቢጦሽ ነው። ቀዳዳ ሁለት ከሆነ ስንጥቆቹን በጣት ተከተሉ፤ የኋለኛው ስንጥቅ ቀድሞ የተሰነጠቀ መስመር ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ አይሻገርም። በዚህ ብቻ የትኛው ምት እንደቀደመ ይታወቃል።

ሃዮይድ ለሁለት ተለይታ ስትገኝ ብዙ ሰው «ታንቆ ነው» ለማለት ይቸኩላል። በብዙ ወጣቶች ቀንዶቿ ገና ከመካከለኛው ክፍል ጋር አልተጋጠሙም፤ ስብራት የሚመስለው መገጣጠሚያው ነው። ታንቀው የሞቱ ብዙ ሰዎች ላይም ሃዮይድ ደህና ሆና ትገኛለች።

የሞት ምክንያቱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የእናንተ ድርሻ ጉዳቱ የት እንዳለ፣ በምን ዓይነት ነገር፣ ከየት አቅጣጫ፣ ቢያንስ ስንት ጊዜ እንደተመታ መግለጽ ነው። ከሞተ ስንት ጊዜ ሆነው የሚለው ከሁሉም የሚከብድ ጥያቄ ነው፤ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ነፍሳትና አውሬ ሁሉ ያፋጥኑታል ወይም ያዘገዩታል። አንትሮፖሎጂስቱ ዊሊያም ባስ እ.ኤ.አ. በ1981 በቴነሲ፣ ኖክስቪል ውስጥ ለጥናት የተበረከቱ አስከሬኖች ሜዳ ላይ የሚጠኑበትን ጣቢያ የከፈቱት ለዚህ ነው። አጥንቱ የቅርብ ዘመን ይሁን የጥንት ካልለየ ሕይወት ያለው ሁሉ ከአየርና ከምግብ የሚወስደው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን፣ ካርቦን 14፣ ይረዳል፤ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች ከባቢ አየር ውስጥ ያለውን መጠን ስላናሩት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ የኖረ ሰው ምልክቱን ይሸከማል።

ስሙን ማግኘት

እስካሁን የተሠራው ጠፊዎችን ያጠባል እንጂ ስም አይሰጥም። ስም የሚሰጠው ንጽጽር ነው፦ የጥርስ ሕክምና መዝገብ፣ በሕይወት ሳለ የተነሣ ራጅ፣ መለያ ቁጥር ያለው የተተከለ ብረት ወይም የቤተሰብ ዲኤንኤ። ግንባር ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ቅርጹ ከሰው ሰው ስለሚለይ ቀድሞ የተነሣ የራስ ራጅ ትልቅ ሀብት ነው። ልብስና መታወቂያ ወረቀት ፍንጭ ናቸው፣ ማረጋገጫ አይደሉም፤ ሰው የሌላ ሰው ኮት ለብሶ ይሞታል። የናዚው ሐኪም ሜንገለ አፅም ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ ከየአገሩ የመጡ ባለሙያዎች አጥንቱንና ፎቶውን አነጻጽረው እሱ ነው አሉ፤ በዲኤንኤ የተረጋገጠው ግን በ1992 ነው።

ሪፖርቱ ውስጥ የታየው ለብቻ፣ ትርጓሜው ለብቻ ይጻፍ። የተጠቀማችሁበት ዘዴ፣ የተሠራበት ሕዝብና የስህተቱ መጠን ይገለጽ። ፍርድ ቤት ውስጥ ዐቃቤ ሕጉም ተከላካይ ጠበቃውም ከክልሉ ወጥታችሁ አንድ ቁጥር እንድትናገሩ ይገፏችኋል። መልሱ የተጻፈው ክልል ነው፤ ሦስት ጊዜ ቢጠየቅም ያው ነው።

ሥራውና ኑሮው

ቋሚ የሥራ ቦታ ጥቂት ነው፣ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ደግ ነው። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ፖሊስ ሲጠራቸው ይሄዳሉ። ሌሎች በአስከሬን ምርመራ ተቋማት፣ በሙዚየሞች፣ የጠፉ ወታደሮችን በሚፈልጉ የመንግሥት ላብራቶሪዎች ይሠራሉ። ሌላው ትልቅ መስክ የሰብዓዊ መብት ምርመራ ነው። አሜሪካዊው የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያ ክላይድ ስኖው እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ አርጀንቲና ሄደው ወጣት ተማሪዎችን ይዘው በወታደራዊው መንግሥት ዘመን የተሰወሩትን መቆፈር ጀመሩ፤ ከዚያ የወጣው የአርጀንቲና ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ኋላ በብዙ አገሮች ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የጠፉ ሰዎች ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የጅምላ ግድያ በተፈጸመባት በቦስኒያዋ ስሬብሬኒካ አንድ ከባድ ችግር ገጥሞታል፦ ገዳዮቹ መቃብሮቹን በከባድ ማሽን አውጥተው ሌላ ቦታ ስለደበቁ የአንድ ሰው አጥንት በተለያዩ ጉድጓዶች ውስጥ ይገኛል።

ጉልበት ተንበርክኮ መሥራት፣ ሽታ፣ ሙቀት ይለመዳሉ። የማይለመደው የሕፃን ጫማ ነው። ቡድኑ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ የሚነጋገርበት ሰዓት ይኑረው፣ ከባዱን ጉዳይ ተፈራርቆ ይያዝ፤ እንቅልፍ እምቢ ያለው ባልደረባ ቁፋሮውን ለቆ ለጥቂት ቀን መዝገብ ላይ ይቀመጥ።

አፅሙ ለቤተሰብ የሚሰጥበት ቀን እንደ ማንኛውም ሥራ ዝግጅት ይፈልጋል። ከመግባታቸው በፊት ምን እንደሚያዩ፣ የትኛው ክፍል እንደጎደለ፣ ለናሙና የት ላይ እንደተቆረጠ ይነገራቸው። ማየት የማይፈልግ አይገደድ። አፅሙ በተፈጥሮ ቦታው፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይዘርጋ፣ ካርቶን ውስጥ አይሰጥ። «ተሠቃይቷል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አጥንቱ የሚያሳየው ይነገር፣ የማያሳየው አይፈጠር። አፅሙ ያልተሟላ ከሆነ ወደፊት ሌላ ክፍል ቢገኝ እንዲነገራቸው ይፈልጉ እንደሆነ በዚያው ቀን ጠይቁ፣ መልሳቸውንም በጽሑፍ ያዙ። አንዳንዱ ለእያንዳንዷ ስባሪ መጠራት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ግን መቃብሩን ዳግመኛ መክፈት አይችልም።